ስለ ቤት ኪራይ አመጣጥና ለአከራይም ለተከራይም ስለሚበጀው



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ፣ ከአዳራሻችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ጥቂት ክፍሎች ሠርተን ብናከራይ የዕድሩ ገንዘብ ባንክ ከሚተኛ ይሠራልናል የሚል ሐሳብ ተነሥቶ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። የደገፈም አለ፣ የተቃወመም አለ፤ ነገሩም ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ። የመጽሔታችን አዘጋጆችም «እርስዎ ዕድሜዎን ሁሉ የቤት ኪራይ ደረሰኝ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነዎትና ስለዚሁ ጥቂት ይጻፉልን» ስላሉኝ ይህንን አቅርቤአለሁ። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የሕግ ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን የቤት መዝገብ ሲገለበጥ ከ30 ዓመት በላይ አይቻለሁ።

ደግሞም ነገሩ የክፍሎቹ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ሰርቪሱን አከራይቶ በዚያ የሚተዳደር ጡረተኛ አለ፤ ባሏ ሲሞት በሁለት ክፍል ኪራይ ልጆቿን ያሳደገች እናት አለች፤ ዕድሜውን በሙሉ በተከራየው ቤት የኖረም አለ። አከራይና ተከራይ በአንድ ድንኳን ሥር የምንቀመጥ ሰዎች ነን። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከአመጣጡ ልጀምር።

ከተማችን ስትቆረቆር

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በፕላን ተነድፋ አልተመሠረተችም። ዳግማዊ ምኒልክ ለመኳንንቱና ለአብያተ ክርስቲያናት ቦታ ቦታ እየለዩ ሰጡ። መኰንኑ በተሰጠው ጉብታ ላይ አዳራሹን ይሠራል፤ አሽከሩ፣ ወታደሩና ባለሙያው በዙሪያው ጎጆውን ይቀልሳል። ራስ መኰንን፣ ደጃች ውቤ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ እያልን የምንጠራቸው ሰፈሮችና ድልድዮች የዚያ ዘመን መታሰቢያዎች ናቸው። ያን ጊዜ ብዙው ሰው በጌታው ቦታ የሚኖረው በአገልግሎቱ ነበር እንጂ በወር ገንዘብ እየከፈለ አልነበረም።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የከተማ ቦታ በሰነድ እንዲያዝ፣ እንዲሸጥ እንዲለወጥና እንዲወረስ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቦታ ገንዘብ ሆነ። የከተማው ሕዝብ እየበዛ ሲሄድ፣ የውጭ አገር ነጋዴውም በአራዳ ገበያ ዙሪያ ሱቅና ማደሪያ ሲፈልግ፣ ቤት ማከራየት እንጀራ የሚሰጥ ሥራ መሆኑ ታወቀ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላማ ከየጠቅላይ ግዛቱ ሰው ወደ ከተማ ጎረፈ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚሁ ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ለነዚህ ድርጅቶችና ለኤምባሲዎች ሠራተኞች ቪላ ሠርቶ ማከራየት ለባለ ሀብቱ ጥሩ ንግድ ሆነለት። ድሃው ደግሞ በበኩሉ ከጓሮ ክፍል ጀምሮ ያገኘውን ይከራያል።

ባለ ቦታና የቦታ ተከራይ

በዚያ ዘመን ኪራይ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ዛሬም እንደምናውቀው ባለቤቱ ቤት ሠርቶ ያከራያል። ሁለተኛው ግን ባለ ቦታው ባዶ መሬቱን ያከራይና ተከራዩ በገዛ ገንዘቡ ቤት ይሠራበታል። ቤቱ የሠሪው ነው፤ መሬቱ የሌላ ነው። ባለ ቦታው «ልቀቅ» ያለ ቀን ሰውዬው የሚያነሣው ቆርቆሮውን፣ በሩንና ጥቂት እንጨት ነው።

ታዲያ ነገ ልቀቅ የሚባል ሰው ዛሬ በድንጋይ ይሠራል ወይ? አይሠራም። በባሕር ዛፍ ማገር፣ በጭድና በጭቃ ምርጊት፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ያቆመዋል። የብዙዎቹ የድሮ ሰፈሮቻችን ቤቶች ጭቃ ሆነው የቀሩበት አንዱ ምክንያት ድህነት ነው፤ ሌላው ግን ይኼ ነው፤ ሰው ዋስትና በሌለው ቦታ ላይ ጠንካራ ቤት አይሠራም። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ ተመልሼ እመጣበታለሁ።

ሕግስ አልነበረም ወይ? ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ነገር ግን የጓሮ ክፍል የተከራየ የቀን ሠራተኛ ውል የሚባል ወረቀት ዓይቶ አያውቅም። ውሉ በአፍ ነበር፤ በአፍ የተገባ ደግሞ በአፍ ይፈርሳል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.

በዚህ ቀን «የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ለማድረግ» የተባለው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። በዕድሜ የገፋችሁ አባላት የዚያን ዕለት በየቤቱ የነበረውን ሁኔታ ታስታውሳላችሁ፤ አንዱ ቤት እልልታ፣ ጎረቤቱ ቤት ለቅሶ ነበር።

አዋጁ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የከተማ መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለመሬቱም ካሣ አይከፈልም። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ለመኖሪያ ቤት መሥሪያም እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ተፈቀደ። በሰው መሬት ላይ ቤት ሠርቶ ይኖር የነበረው የቦታ ተከራይ ለባለ መሬቱ ከመክፈል ነፃ ወጣ። ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። እስከ 300 ብር ድረስ ይከራዩ የነበሩ ቤቶችም ኪራያቸው ተቀነሰ፤ ቅናሹም ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍለው ይበልጥ ነበር።

ከተወረሱት ቤቶች ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነውን ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት እንዲያስተዳድር ሆነ። ይህ ድርጅት ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ በ2009 ዓ.ም. የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሆኗል።

ስለ አዋጁ በጎነትና ጉዳት ብዙ ተጽፏል፤ የኔ ጉዳይ እሱን መፍረድ አይደለም። ስንት መቶ ቤት የነበረው ትልቅ ሰው እንደ ተነካ ሁሉ፣ ከሊጥና ከጠላ ባጠራቀመችው ገንዘብ ሁለተኛ ትንሽ ቤት ሠርታ ታከራይ የነበረች ባልቴትም ተነክታለች። ከኪራይ ጭንቀት የተገላገለውና ለመጀመሪያ ጊዜ «ቤቴ» ያለው ድሃም ብዙ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

የቀበሌ ቤት

እኔ በ1972 ዓ.ም. በጸሐፊነት ስቀጠር ሥራዬ የኪራይ ደረሰኝ መቁረጥ ነበር። 4 ብር፣ 7 ብር ከ50፣ 12 ብር እያልኩ እጽፋለሁ። ከ20 ዓመት በኋላም ለነዚያው ቤቶች ያንኑ 4 ብርና ያንኑ 7 ብር ከ50 እጽፍ ነበር። ተከራዩ ደስ ይለዋል፤ ለምን አይለውም? ነገር ግን ሚስማሩ፣ ቆርቆሮውና ሲሚንቶው ዋጋው ባለበት አልቆመም። በወር 4 ብር የሚያስገባ ቤት በዓመት 48 ብር ነው፤ በዚህ ገንዘብ ጣራ ሊቀየር ቀርቶ በር አይቀየርም።

ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ማመልከቻ ይመጣል። «ጣራው ያፈሳል፣ ምሰሶው በስብሷል፣ ሽንት ቤቱ ሞልቷል» ይላል። ማመልከቻው ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ገንዘብ ግን የለም። ተከራዩ በራሱ ወጪ እንዳይሠራ ቤቱ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት እንዳይሠራ ኪራዩ አይበቃም። እንዲህ እየተባለ ስንቱ ቤት በቁሙ ወደቀ! ድሮ ባለ መሬቱን ፈርቶ በጭቃ የተሠራው ቤት፣ በኋላ ደግሞ የሚያድሰው ጠፍቶ አረጀ። የዛሬ ምክሬ ግማሹ እዚህ ላይ ነው፤ ማደሻውን የማያወጣ ኪራይ መጨረሻው ተከራዩንም ባለቤቱንም ይጎዳል።

ሌላው ግማሽ ወረቀት ነው። አንዲት እናት ባለቤታቸው ሞቶ ገና 40 ሳይወጣ አንድ ዘመድ ነኝ ባይ መጥቶ «ቤቱ በኔ ስም ነው የተከራየው» አለ። መዝገቡ በእርጥበት ተበላሽቶ ስሙ አይነበብም። እሳቸው ግን ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ደረሰኝ በሙሉ በነጠላ ቁራጭ ቋጥረው አስቀምጠው ኖሮ አምጥተው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። ክርክሩ በግማሽ ቀን አለቀ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ከደባል እስከ ኮንዶሚኒየም

በአዋጅ ቁጥር 47 ዘመን ሰው የግል ቤቱን ማከራየት አይችልም ነበር። ግን ቤት የቸገረው ሰው መኖሩ አልቀረምና «ደባል» የሚባለው መጣ። ዘመድ ነው፣ እንግዳ ነው እየተባለ አንድ ክፍል ይሰጠዋል፤ ገንዘቡ በእጅ ይሰጣል፤ ደረሰኝ የለም። በ1978 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 292 ደባልነትን በሕግ ተቀበለው። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የግል ባለ ሀብቱ በቤት ሥራ እንዲገባ በሩ ተከፈተ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የግል ቤት ማከራየት እንደ ገና የአደባባይ ሥራ ሆነ።

መሬቱ ግን የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ ቀረ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶታል። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 80 የሊዝ ሥርዓት ተጀመረ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ከአዋጅ ውጭ ቤታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች አቤት እንዲሉ ፈቀደ። በአዋጅ 47 መሠረት የተወረሰው ግን አይመለስም ነበር። ያን ጊዜም ጉዳዩን ማስረዳት የቻለው ካርታውን፣ የግብር ደረሰኙን፣ የተወሰደበትን ደብዳቤ ያስቀመጠ ሰው ነው። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው እውነቱን ይዞ ባዶ እጁን ተመለሰ።

የኮንዶሚኒየም ሥራ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በገርጂ በሙከራ ተጀመረ። በ1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚባሉት ዓይነቶች እንደ ገና ተመዘገበ። ዕጣ የወጣለት ሰው ሁሉ ግን ገብቶ አልኖረበትም። ቁጠባውና የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ከደመወዙ በላይ ስለ ሆነበት ቤቱን አከራይቶ እሱ ራሱ ርካሽ ክፍል ፍለጋ የሄደ ብዙ ነው። እንዲህ እያለ ትናንት ተከራይ የነበረው ዛሬ አከራይ ሆነ፤ እዚያው ላይ ተከራይም ነው። ስለ አከራይና ተከራይ ስናወራ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብለን አናስብ።

ለማከራየት ቤት ለሚገዛ

እንግዲህ ከታሪኩ ወደ ምክሩ ልለፍ። ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ወይም ልጁ ከውጭ አገር የላከለት ሰው ቤት ገዝቶ ለማከራየት ሲያስብ፣ አስቀድሞ ደላላውን ሳይሆን ወረቀቱን ይመልከት።

1ኛ/ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው የማን ስም ነው? የቦታው ስፋት በካርታው ላይ ያለውና በመሬት ላይ ያለው አንድ ነው ወይ? አጥር ወደ ጎረቤት ገብቶ ከሆነ ጠቡን አብረህ ትገዛለህ።

2ኛ/ ቤቱ በባንክ ዕዳ ተይዟል ወይ? የፍርድ ቤት ዕግድ አለበት ወይ? ይህ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠየቃል፤ «ምንም የለበትም» የሚል የሻጭ ቃል አይበቃም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ባለ ዕጣው ቤቱን እስከ 5 ዓመት ድረስ እንዳይሸጥ ክልከላ ያለበት መሆኑን አትርሱ።

3ኛ/ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን ቤት አንደኛው ብቻውን እንዳይሸጥ፣ እንዳያከራይም ይከለክላል። ውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይቅረቡ። «አንዱ ወንድማችን ውጭ ነው፣ እሱ ምንም አይል» ሲባል ከሰማችሁ ቁሙ፤ ውክልና ይላክ።

4ኛ/ ቦታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሽያጭም ሆነ በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንደሚገባ ደንግጓል። ስለዚህ ከቤቱ ዋጋ ሌላ የሚመጣውን ክፍያ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

5ኛ/ በአንድ ሌሊት የተሠራ የጨረቃ ቤት በርካሽ ተገኘ ተብሎ አይገዛም። በሌሊት የተሠራ በቀን ይፈርሳል።

ወረቀቱ ጥሩ ከሆነ በኋላ ወደ ቤቱ ነው። ቤት በበጋ አይታይም። በሐምሌ ወይም በነሐሴ ዝናብ እየዘነበ ሂዱና ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ውሃ የነካው ቡናማ ሆኖ ራሱ ይናገራል። አሸንዳው ውሃውን ወዴት እንደሚወስደው፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ መኪና ገብቶ ሊመጠጥ መቻሉን፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው በማን ስም እንደ ሆነና ውዝፍ እንዳለበት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ሂሳቡ ይመጣል። ለምሳሌ ያህል በ3,000,000 ብር የተገዛ ቤት በወር 10,000 ብር ቢከራይ በዓመት 120,000 ብር ያስገባል። ሰው «በ25 ዓመት ገንዘቤን መለሰልኝ» ይላል። ተሳስቷል! ተከራይ ሲለቅና ሲገባ በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢቆም፣ ለማደሻም የአንድ ወር ኪራይ ቢቀመጥ የሚቀረው 100,000 ብር ነው። 25 ዓመት የተባለው 30 ሆነ። የኪራይ ገቢ ግብሩ ገና አልተነካም። ስለዚህ ቤት ፈጥኖ ሀብታም ያደርገኛል ብሎ የሚገዛ አይግዛ፤ ቀስ ብሎ የሚጦር ንብረት ነው ብሎ የሚያውቅ ይግዛ።

ለአከራዩ

ከኪራይ ላይ ከአሥራ ሁለቱ ወር የአንዱን ለጣራ አስቀምጡ። ሚስማሩ ሲላላ፣ ቆርቆሮው ገና ሲነሣ የሚሠራ በትንሽ ብር ያልቃል፤ ወራጁ ከበሰበሰ በኋላ የሚሠራ ግን ቤት ሙሉ ማፍረስ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ተከራይ ከመግባቱ በፊት ሁለታችሁም ቤቱን አብራችሁ ዙሩ። የመስኮት መስተዋት ስንት እንደ ሆነ፣ ሊሾው የት እንደ ተሰነጠቀ፣ የቆጣሪው ንባብ ስንት ላይ እንደ ቆመ በአንድ ወረቀት ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። ሲወጣ በዚያው ወረቀት ይረካከባሉ፤ ጠብ የለም።

ቆጣሪ በጋራ ከሆነ ሂሳቡ በሰው ቁጥር ነው ወይስ በክፍል? ይህ ካልተወሰነ በየወሩ ጭቅጭቅ ነው። ስንት ተከራይና አከራይ ያጣላው የኪራይ ገንዘብ ሳይሆን የመብራት 60 ብር ነው! አነስተኛ የተከራይ ቆጣሪ ማስገባት ከክርክሩ ይረክሳል።

ጥሩ ተከራይን በ500 ብር ጭማሪ ምክንያት አታስለቅቁ። እሱ ወጥቶ አዲስ እስኪገባ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ከቆመ፣ ቀለምና የደላላ ገንዘብ ተጨምሮበት የዓመቱ ጭማሪ ሁሉ ይበላል። በወቅቱ የሚከፍል፣ ቤቱን እንደ ቤቱ የሚጠብቅ ሰው ራሱ ሀብት ነው።

ለተከራዩ

ዓይን ያላያችሁትን ክፍል በስልክ ቀብድ አትስጡ። የሚያከራያችሁ ሰው ባለቤቱ መሆኑን ወይም ውክልና ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ተከራይ ሆኖ የተከራየውን ለሌላ የሚያከራይም አለና።

ደረሰኝ ወይም የባንክ ወረቀት ያስቀምጡ። በአዲስ አበባ በየጊዜው ለልማት ተብሎ ሰፈር ሲነሣ እንደምናየው፣ ለቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ ቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ሲሰጥ፣ ከግለሰብ ቤት ክፍል የተከራየው ሰው በአብዛኛው ከቁጥር አይገባም። እዚያ ሰፈር ለመኖራችሁ ያላችሁ ምስክር ውላችሁና መታወቂያችሁ ብቻ ነው።

ቤቱን መጠገን ካስፈለገ ከባለቤቱ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ «ይህን ያህል አውጥቼ ይህ ይሠራ፣ ከኪራዩ ይታሰብ» ይባል። በአፍ «ሥራው፣ እንተሳሰባለን» የተባለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ይቀልጣል።

የ2016 ዓ.ም. አዋጅ

በኮቪድ ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ በአስቸኳይ ጊዜው ደንብ ተከራይ ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ለጊዜው ተከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በቋሚ ሕግ እንዲያዝ ታሰበና በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይን የመቆጣጠርና የማስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ጸደቀ። ይህን አዋጅ አከራይም ተከራይም ማወቅ ይገባዋል። ዋና ዋናዎቹ እነሆ፦

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥም ይመዝገብ። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አይነስ። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ይሁን።

አንዳንድ አከራይ «ይኼ ሊጎዳን የመጣ ነው» ይላል። እኔ ግን እንደ ድሮ ጸሐፊ ሳየው ሁለቱንም ይጠቅማል እላለሁ። 2 ዓመት እንደሚኖር የሚያውቅ ተከራይ ግድግዳውን ቀለም ይቀባል፣ አበባ ይተክላል፤ አስቀድሜ የነገርኳችሁን የቦታ ተከራይ አስታውሱ። ባንክ የገባ ኪራይም «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» የሚለውን ክርክር ይዘጋዋል። የሚያስፈራው ጭማሪው ለማደሻ የማይበቃ እንዳይሆን ነው፤ የቀበሌ ቤት ታሪክ ይህን አስተምሮናልና፣ መጠኑን የሚያወጡት ሰዎች ቆርቆሮና ሲሚንቶ ስንት እንደ ገባ እየጠየቁ ቢያወጡት መልካም ነው።

አንድ ነገር በውል ውስጥ ይግባ

ከዕድራችን ጋር የተያያዘ ነገር ልጨምር። ተከራይ አባል ቤት ሐዘን ሲደርስ ድንኳን የት ይተከል? አንዳንድ ባለቤት «ግቢዬ ይበላሻል» ብሎ ሲከለክል፣ ሐዘንተኛው አስከሬን ይዞ ቦታ ሲለምን በዓይናችን ዓይተናል። ኧረ ይህ ለማንም አይገባም! ከዚህ በኋላ አባል የሆነ አከራይና ተከራይ ውል ሲዋዋሉ «ሐዘን ቢደርስ ለ3 ቀን በግቢው ወይም በደጁ ድንኳን ይተከላል፤ የተቆፈረው ይደፈናል፣ የተጎዳው ይጠገናል» የሚል አንድ መስመር ያስገቡ። ዕድሩ ደግሞ ድንኳኑ ሲነሣ ግቢውን አስተካክሎ ማስረከብ አለበት። ለባለቤቱም ክብር ነው።

ስለ ዕድራችን ክፍሎች

አሁን ወደ ጉባኤው ጉዳይ ልመለስ። በበኩሌ ክፍሎቹ ቢሠሩ እደግፋለሁ። ገንዘብ ባንክ ተኝቶ ሳለ የሬሳ ሣጥኑም የድንኳኑም ዋጋ እየጨመረ ነው። ነገር ግን ከዚህ በላይ ከተተረከው ታሪክ የተማርነውን አስቀድመን በደንባችን ካላስገባን፣ የጋራ ቤት እንደ ቀበሌ ቤት ይሆንብናል። ስለዚህ ጉባኤው የሚከተለውን እንዲመለከት አሳስባለሁ።

1ኛ/ የቦታው ካርታ በዕድሩ ስም መሆኑ፣ የግንባታ ፈቃድም መውጣቱ ሳይረጋገጥ አንድ ድንጋይ አይነሣ።

2ኛ/ ለመቃብርና ለሐዘንተኛ የተቀመጠው ገንዘብ አይነካ። ሰው ነገ ቢሞት ለቤተሰቡ የሚሰጠው ተለይቶ ከተቀመጠ በኋላ የተረፈው ብቻ ለሥራው ይዋል።

3ኛ/ ከኪራዩ በየወሩ የማደሻ ድርሻ ተቀንሶ በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ፤ ኮሚቴው ለሌላ ጉዳይ እንዳያወጣው ይታገድ።

4ኛ/ የኮሚቴ አባልና የቅርብ ዘመዱ ክፍሎቹን አይከራይ። ለሌሎች በማስታወቂያ ይገለጽና በዕጣ ይሁን። በዝምድና የተሰጠ ቤት ኪራይ አይጠየቅበትምና።

5ኛ/ ኪራዩ በየ2 ዓመቱ ውል ሲታደስ በሕጉ መጠን ይታይ። ለአባል ይቀነስ ቢባል እንኳን ከማደሻው በታች አይውረድ።

6ኛ/ ደረሰኙ፣ ውሉና የርክክቡ ወረቀት ሁለት ሁለት ይሁን፤ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ በሂሳብ ሹሙ ቤት ይቀመጥ። የኛ መዝገብ ዝናብ እንዳይነካው!

ይህንን ያህል ካልኩ ይበቃል። ጣራ ያለ ማደሻ፣ ቤት ያለ ወረቀት ብዙ እንደማይቆይ ታሪካችን ይመሰክራል። አከራይ ኪራዩን ሲቀበል ጣራውን፣ ተከራይም ሲከፍል ደረሰኙን ያስብ። ውሳኔው የጉባኤው ነው፤ የምትቃወሙም ብትኖሩ ሐሳባችሁን በጽሑፍ ለኮሚቴው ብታቀርቡ ከአዳራሽ ጩኸት ይሻላል።